ሪፐር ሲከፈት ምን ይቀበላችሁ? የአጀማመር ምርጫዎችን የማስተካከያ መመሪያ

ማሲንቆ የሚመቱ አንድ አዛውንት ለቀረጻ ቤቴ መጥተው ነበር። ቡናው እስኪፈላ ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ የድምፅ መቅረጫና ማቀላቀያ ፕሮግራሙ ሪፐርም እንደ ልማዱ ትናንት ሌሊት ተጣልቼው የተኛሁትን የ43 ትራክ (ለየብቻ የተቀረጸ የድምፅ መስመር) ሥራ ተሸክሞ መጣ። መጀመሪያ ፕለጊኖቹን፣ ማለትም ድምፅ የሚፈጥሩትንና የሚያስውቡትን ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ አንድ በአንድ ጫነ። ቀጥሎ የት እንዳስቀመጥኳቸው የማላስታውሳቸውን የድምፅ ፋይሎች አጣኋቸው ብሎ አስፈለገኝ። ማይክሮፎን የሚሰካበትን የድምፅ ካርድ ሳልሰካ ስለከፈትኩትም ሌላ ማስጠንቀቂያ ደረበብኝ። እኔ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስዘል እርሳቸው የደጋናቸውን ጭራ ዕጣን አስነክተው፣ ለማሟሟቅ ያህል አንዲት ዜማ መቱ። እጄ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሁሉም ነገር ሲሰናዳ «ጋሼ፣ ያቺን የቅድሟን ይድገሙልኝ» አልኳቸው። «የቷን?» አሉ። የቷ እንደሆነች እኔም ማስረዳት አቃተኝ።

ሪፐር ያደረገው ያልከለከልኩትን ነው። ሲከፈት ምን ይዞ እንዲመጣ ነግሬው አላውቅም ነበር። ያንኑ ሳምንት ተቀምጬ ያስተካከልኩትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የምጽፈው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ዓላማው አንድ ነው፤ ፕሮግራሙን ስትከፍቱ ማይክሮፎኑ የተዘጋጀበት፣ ትራኮቹ ስም የወጣላቸው ባዶ ገጽ ይጠብቃችሁ። ያላለቀው የትናንት ሥራ የትም አይሄድም፤ በሁለት ጠቅታ ይገኛል። አዲስ ሐሳብ ግን በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ላስቀድም። ኮምፒውተር ላይ «ሴቲንግ» የሚባለውን ብዙዎች «ቅንብር» ይሉታል። በሙዚቃ ሰው ጆሮ ግን ቅንብር ሌላ ነገር ነው፤ አቀናባሪው የሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ እዚህ «ምርጫ» እና «ማስተካከያ» እያልኩ እሄዳለሁ። የሪፐር ሜኑ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስሞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ። የማወራው ስለ 7ኛው እትም ሲሆን በቀድሞው እትምም አብዛኛው እዚያው ቦታ ይገኛል።

ሪፐርን የመረጥኩት በእርሱ ስለምሠራ ነው፤ ለእኛ አገር ሁኔታም ይመቻል። የመጫኛው ፋይል በጥቂት አሥር ሜጋባይት የሚቆጠር ነው፤ ሌሎቹ በጊጋባይት በሚቆጠሩበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለ60 ቀናት ምንም ሳይጎድልበት ያስሞክራል። ከዚያ በኋላ ለግለሰብና ለአነስተኛ ሥራ ፈቃዱ 60 ዶላር፣ ለትልቅ ንግድ 225 ዶላር ነው።

ከመነካካት በፊት

የምርጫዎቹን ገጽ ክፈቱ። ከላይ «ኦፕሽንስ» የሚለውን ተጭናችሁ ከዝርዝሩ «ፕሪፈረንስስ»ን መምረጥ ነው። አቋራጩ በዊንዶውስ ኮንትሮልና ፒ፣ በማክ ኮማንድና ነጠላ ሰረዝ ነው። በግራ በኩል ረጅም ዝርዝር ይመጣል፤ አትደንግጡ፣ ለዛሬ የምንነካው ሰባት ያህል ገጽ ብቻ ነው። ከታች የመፈለጊያ ሣጥን ስላለ የጠፋችሁን ቃል እዚያ ጻፉበት።

ዝርዝሩ አናት ላይ «ጀነራል» የሚለው ገጽ አለ። እዚያ «ኤክስፖርት ኮንፊገሬሽን» የሚለውን ተጫኑና አሁን ያላችሁበትን ሁኔታ በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ስሙን በቀን ሰይሙት። ከታች ካለው አንዱ ቢበላሽባችሁ «ኢምፖርት» የሚለው ወደዚህ ቀን ይመልሳችኋል። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ነበርኩ።

የድምፅ ካርዱ

ልማዱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ካርዱን ስኩ፣ ካለው ማብሪያውን አብሩ፣ ከዚያ ሪፐርን ክፈቱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሪፐር የለመደውን ካርድ ፈልጎ ያጣና ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ያን ጊዜ ምርጫዎቹን መነካካት አያስፈልግም፤ ዘግቶ፣ ሰክቶ፣ መክፈት ይበቃል። ብዙ ሰው ግን በድንጋጤ ሌላ ካርድ ይመርጥና በማግስቱ ማይክሮፎኔ አይሰማም ይላል።

በ«ኦዲዮ» ሥር «ዲቫይስ»ን ክፈቱ። ዊንዶውስ ከሆነ በመጀመሪያው ሣጥን «ኤሲዮ»ን ምረጡ፤ ከሥሩ የካርዳችሁን ስም ታገኛላችሁ። ስሙ ከሌለ የካርዱ አምራች ያዘጋጀው ሾፌር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልተጫነም ማለት ነው፤ መጀመሪያ እርሱን ጫኑ። የውጭ ካርድ ከሌላችሁና በላፕቶፑ ድምፅ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ «ዋሳፒ» ይበቃችኋል። ማክ ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ ካርዱን መምረጥ ብቻ ነው።

ከዚያ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ። የመጀመሪያው በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት ነው። ሥራችሁ መጨረሻ ላይ ከቪዲዮ ጋር የሚሄድ ከሆነ 48000 ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛው የማቆያው መጠን ነው፤ ካርዱ ስንት ናሙና አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ እንደሚያቀብል የሚወስነው እርሱ ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩን እንዲሁ በግምት ስለሚያስገባ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ስሌቱ ማካፈል ብቻ ነው። 256 ናሙና ለ48000 ሲካፈል 5.3 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። 1024 ከሆነ 21 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ስለሚጓዝ የመጀመሪያው ሁለት ሜትር እንኳ የማይሞላ ርቀት ነው፤ ከበሮ መቺው አጠገባችሁ እንደቆመ ያህል። ሁለተኛው ከሰባት ሜትር በላይ ነው፤ ከበሮውን ከአዳራሹ ማዶ እየሰሙ እንደ መዝፈን። ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ሌላም ስለሚጨመርበት በጆሮ ማዳመጫ ራሱን የሚሰማ ዘፋኝ ምቱን ይስታል፣ ከዚያ «ዛሬ ጤና የለኝም» ይላል። ጤና አላጣም። ቁጥሩን ወደ 256 አውርዱለት፤ ኮምፒውተሩ ከቻለ ወደ 128። ድምፁ መንጫጫትና መቆራረጥ ከጀመረ አንድ ደረጃ ወደ ላይ መልሱ። ቀረጻው አልቆ ቅልቅል ላይ ስትሆኑ 1024 ምንም አይጎዳችሁም።

በዚሁ «ኦዲዮ» በሚለው ዋናው ገጽ ላይ፣ ሪፐር ቆሞ እናንተ ወደ ሌላ ፕሮግራም ስትሄዱ ካርዱን እንዲለቅ የሚያደርግ ምልክት ማድረጊያ አለ፤ «ክሎዝ ኦዲዮ ዲቫይስ» ብሎ ይጀምራል። በቀረጻ መካከል ለማመሳከሪያ አንድ ዘፈን ኢንተርኔት ላይ ከፍተው ድምፅ የማይሰሙ ሰዎች ምልክት ሊያደርጉበት የሚገባው እዚህ ነው።

መነሻው ገጽ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሪፐር በራሱ የሚሰጣችሁ አዲስ ፕሮጀክት እውነተኛ ባዶ ነው፤ ትራክ የለው፣ ስም የለው። እኛ የምንፈልገው እንግዳ ከመምጣቱ በፊት እንደተጠረገ ቤት ያለ ባዶ ነው፤ ረከቦቱ ቀርቧል፣ ቡናው ግን ገና አልተቆላም።

አዲስ ፕሮጀክት ክፈቱና ኮንትሮልና ቲን እየተጫናችሁ የሚያስፈልጓችሁን ትራኮች ጨምሩ። የእኔን በምሳሌነት ላሳያችሁ። የመጀመሪያው «ድምፅ» ይባላል፤ መግቢያው የካርዱ አንደኛ ቀዳዳ ነው፣ ቀዩ የመቅረጫ ምልክት በርቷል። ሁለተኛው «ክር» ነው። ክራርም ይምጣ ማሲንቆ እዚያው ይገባል፤ መግቢያው ሁለተኛው ቀዳዳ፣ እርሱም ቀዩ በርቷል። ሦስተኛው «ከበሮ»፣ አራተኛው «ኪቦርድ»፣ እርሱም ከሪፐር ጋር የሚመጣው ቀላል የኪቦርድ ድምፅ «ሪያሲንዝ» ብቻ የተጫነበት። አምስተኛው «ማስታወሻ» ይባላል፤ የዜማ ሐሳብ ሲመጣልኝ በአፌ የማንጎራጉርበት ነው። ስሞቹን በአማርኛ ጽፌአቸዋለሁ፣ ሪፐር በደንብ ያሳያቸዋል። እያንዳንዱን ቀለም ለይቼለታለሁ፤ ሌሊት ደክሞኝ ስሠራ ከስም ይልቅ ቀለም ቶሎ ይታየኛል።

የአዛውንቱ ዜማ ያመለጠኝ ይህ ሁለተኛው ትራክ ስላልነበረ ነው። ዛሬ ቢሆን ቀዩ ምልክት ቀድሞ በርቶ ስለሚጠብቅ ኮንትሮልና አርን መጫን ብቻ ይቀረኝ ነበር።

ፕለጊን አታብዙበት። ከኪቦርዱ ድምፅ ሌላ እኔ ያስገባሁት ማሚቶ ለመስጠት ከሪፐር ጋር የሚመጣውን «ሪያቨርቤት» ብቻ ነው፤ እርሱንም ለብቻው ትራክ ላይ አድርጌ ሌሎቹ ወደ እርሱ ይልካሉ። መነሻ ገጻቸው ላይ ከባድ የኦርኬስትራ መሣሪያ የሚጭኑ ወዳጆች አሉኝ። ፕሮግራሙ እስኪከፈት ቁርሳቸውን ይጨርሳሉ። ለአንድ የዋሽንት ቀረጻ ኦርኬስትራ ምን ይሠራል?

ቀጥሎ ኦልትና ኢንተርን ተጫኑ፤ የፕሮጀክቱ ማስተካከያ ይከፈታል። የናሙናው ቁጥር ከካርዱ ጋር አንድ እንዲሆን እዚህም 48000 ጻፉና ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ፍጥነቱና የምት ስልቱ ይመጣሉ። ሪፐር እንደ ሌላው ሁሉ በ4/4 ነው የሚነሣው። ሥራችሁ ባመዛኙ ችክችካ ከሆነ ግን መነሻችሁን 6/8 አድርጉት፤ አለበለዚያ ምት የሚቆጥረው ጠቋሚ ድምፅ (ሜትሮኖም) አራት ሲቆጥር ከበሮ መቺው በስድስት ይሄድና ሁለቱ እስኪታረቁ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። የጠቋሚውን ድምፅ ምልክት በቀኝ ጠቅታ ስትከፍቱት ከቀረጻ በፊት አስቀድሞ እንዲቆጥር የሚያደርግ ምርጫ ታገኛላችሁ፤ ሁለት መለኪያ (ባር) ያህል ይቁጠር። ለብቻው ለሚቀርጽ ሰው ይህ ግድ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ወደ መሣሪያው የምትደርሱበት ጊዜ ነው።

በዚሁ መስኮት «ሚዲያ» የሚለው ክፍል ውስጥ የቀረጻ ፋይሎች የሚገቡበትን ንዑስ ማህደር ስም መጻፍ ይቻላል። አንድ ቃል ይበቃል፤ እኔ «ቀረጻ» ብዬዋለሁ። የፋይሉ ዓይነት ዌቭ፣ 24 ቢት ይሁን። በዚህ መጠን አንድ ነጠላ ትራክ በደቂቃ ወደ 8.6 ሜጋባይት ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት ትንሽ ያልፋል። ዲስካችሁን በዚህ ለኩት።

ሲጨርሱ ከ«ፋይል» ሜኑ ወደ «ፕሮጀክት ቴምፕሌትስ» ገብቶ «ሴቭ ፕሮጀክት አዝ ቴምፕሌት» የሚለውን መጫን ነው። ስም ስጡት። ከማስቀመጣችሁ በፊት ግን ለሙከራ የቀረጻችሁትን ድምፅ ሁሉ አጥፉ፤ አለበለዚያ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ ሥራ ያንን ፋይል ይጠራል።

ይህን ያወቅሁት በመከራ ነው። አንድ ጊዜ መነሻውን ገጽ ላሻሽል ብዬ ራሱን ፋይሉን ከፈትኩት፣ ስልክ ተደወለልኝ፣ ተመልሼ ያንኑ ገጽ ላይ የሰው ሠርግ ዘፈን መሥራት ጀመርኩና በኮንትሮልና ኤስ አስቀመጥኩት። ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም ልሥራ ብዬ ስነሣ ሙሽሪት ትመጣ ነበር። በተለመደው መንገድ፣ ማለትም በአዲስ ፕሮጀክት በኩል ከመጣ መነሻው ገጽ ስም የሌለው ቅጂ ሆኖ ስለሚከፈት ዋናው አይነካም። አደጋው ፋይሉን ራሱን ስትከፍቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ለማሻሻል ከከፈታችሁት አሻሽሉ፣ አስቀምጡ፣ ወዲያው ዝጉ።

ሁለቱ በሮች

አሁን ሪፐር ሲነሣ ይህን ገጽ እንዲያቀርብ እንንገረው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ምርጫው በሁለት ገጽ ተከፍሎ የተቀመጠ ስለሆነ አንዱን ብቻ ያስተካከለ ሰው የሚፈልገውን ገጽ አያገኝም።

የመጀመሪያው በር በ«ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ፕሮጀክት» የሚለው ገጽ ነው። አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጠር የትኛው ፋይል እንደ መነሻ እንዲያገለግል የሚጠይቅ ሣጥን አለ፤ «ብራውዝ»ን ተጭናችሁ ያስቀመጣችሁትን ምረጡ። ፋይሉ የተቀመጠው «ፕሮጀክት ቴምፕሌትስ» በሚል ማህደር ውስጥ ነው። ማህደሩ ከጠፋባችሁ በ«ኦፕሽንስ» ሜኑ ውስጥ የሪፐርን የራሱን ማህደር የሚከፍት ትእዛዝ አለ፤ «ሾው ሪፐር ሪሶርስ ፓዝ» ይላል።

ሁለተኛው በር «ጀነራል» ገጽ ላይ ነው። «ኦፕን ፕሮጀክትስ ኦን ስታርትአፕ» የሚለውን ዝርዝር ክፈቱ። ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው፦ መጨረሻ የተሠራበት ፕሮጀክት፣ መጨረሻ ተከፍተው የነበሩት ሁሉ፣ አዲስ ፕሮጀክት፣ መነሻውን ገጽ ችላ ያለ አዲስ ፕሮጀክት፣ እና በየጊዜው የሚጠይቅ። የምንፈልገው ሦስተኛውን፣ «ኒው ፕሮጀክት» የሚለውን ነው። አራተኛው ስሙ ስለሚመሳሰል ያሳስታል፤ እርሱን ከመረጣችሁ እስካሁን የለፋችሁበትን ገጽ አልፎ ጥሬውን ባዶ ይሰጣችኋል።

«የሚጠይቅ» የሚለውን የሚመርጡ አሉ፣ አልፈርድባቸውም። ሁለት ትልልቅ ሥራ በአንድ ጊዜ ለያዘ ሰው ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ጥያቄ ራሱ መዘግየት ነው። አንድ አልበም ይዛችሁ ለወራት የምትቆዩ ከሆነ ደግሞ ያለ ጥርጥር መጨረሻ የተሠራበትን ይክፈት፤ አልበሙ ሲያልቅ ትመልሱታላችሁ። ወደ ትናንቱ ሥራ መመለስ ለሚፈልግ «ፋይል» ሜኑ ውስጥ የቅርብ ፕሮጀክቶች ዝርዝር አለ።

ከአንድ በላይ መነሻ ገጽ ማስቀመጥም ይቻላል። እኔ ለባንድና ለንግግር ቀረጻ የተለዩ አሉኝ፤ በ«ፋይል» በኩል ከ«ፕሮጀክት ቴምፕሌትስ» እመርጣቸዋለሁ። በር ላይ የሚቆመው ግን አንዱ ነው።

መጀመሪያ ስም

ወደ «ፕሮጀክት» ገጽ ተመለሱና «ፕሮምፕት ቱ ሴቭ ኦን ኒው ፕሮጀክት» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ሥራ ስትከፍቱ ገና ከመጀመሪያው የት ላስቀምጠው ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄ አልወድም ባልኩ ማግስት ይህን መምከሬ ይገርማችሁ ይሆናል፤ ይህኛው ግን ዋጋው ሌላ ነው። ስም ሳይወጣለት የተቀረጸ ድምፅ ሁሉ በዊንዶውስ ላይ በሰነዶቻችሁ ማህደር ውስጥ «ሪፐር ሚዲያ» የሚባል አንድ ከረጢት ውስጥ ይከማቻል። ዓመት ሲሞላው የአሥራ ምናምን ሰው ድምፅ፣ ስም የለሽ ቁጥር ተሸክሞ፣ በአንድ ላይ ይገኛል። ከዚያ ውስጥ የአንዱን ዘፋኝ ሁለተኛ ስንኝ ፈልጎ ማውጣት እህልን ከገለባ እንደ መለየት ነው።

በሚመጣው ማስቀመጫ ላይ ለፕሮጀክቱ ንዑስ ማህደር ፍጠርለት የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ያን ጊዜ አንድ ሥራ አንድ ማህደር ይኖረዋል፤ ለሌላ ባለሙያ ስታስረክቡ ማህደሩን እንዳለ ቀድታችሁ መስጠት ብቻ ነው።

ጥያቄውን ጨርሶ የማይፈልግ ቢያንስ «ፓዝስ» በሚለው ገጽ የቀረጻ መነሻ ማህደሩን ወደሚያውቀው ቦታ ይለውጥ።

መብራት

በጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ማብራራት አያስፈልገውም። በ«ፕሮጀክት» ሥር «ባክአፕስ» የሚል ገጽ አለ። በራሱ የሚያስቀምጥበትን የደቂቃ ልዩነት ወደ 3 አውርዱት። መቼ የሚለውን «በቀረጻ ላይ ካልሆነ» የሚለው ላይ ተዉት። ቅጂዎቹን ሰዓትና ቀን እየጻፈ በፕሮጀክቱ ማህደር እንዲያስቀምጥ የሚያደርገውንም ምልክት አድርጉበት። ከተቻለ ተጨማሪ ማህደር የሚለው ላይ ሌላ ዲስክ ስጡት። በቀረጻ መካከል መብራት ቢጠፋ ድምፁ እየተቀረጸ ሳለ በቀጥታ ዲስክ ላይ ስለሚጻፍ ብዙውን ጊዜ ተርፎ ማህደሩ ውስጥ ይገኛል፤ የሚጠፋው ካለፈው ማስቀመጥ ወዲህ ያስተካከላችሁት ነው።

ጓዙን ማቅለል

የሚቀሩት ጥቃቅን ናቸው፣ በፍጥነት እንለፋቸው። «ጀነራል» ላይ በየጅምሩ አዲስ እትም መኖሩን የሚያጣራውን ምልክት አንሡት፤ ከስልክ በሚጋራ ጥቅል ኢንተርኔት ለሚሠራ ሰው አይጠቅምም። በወር አንድ ጊዜ ራሳችሁ ፈትሹ። የመክፈቻውን ሥዕል የሚያሳየውንም ማንሣት ይቻላል፤ ጊዜ አይቆጥብም፣ ዓይን ግን ያሳርፋል።

ፕለጊኖች ላይ «ቪኤስቲ» የሚለውን ገጽ ክፈቱና ሪፐር ፕለጊን የሚፈልግባቸውን ማህደሮች ዝርዝር ተመልከቱ። ፕሮግራሞቻችሁ ሁሉ የተቀመጡበት ትልቅ ማህደር እዚያ ከገባ አውጡት፤ ፕለጊኖቹ ያሉበትን ብቻ ስጡት። ሪፐር ፈትሾ ያገኘውን ስለሚያስታውስ ረጅሙ ጥበቃ የመጀመሪያው ቀን ነው። አንድ ፕለጊን ጭናችሁ አልታይ ካለ ከዚሁ ገጽ እንደገና ፈትሽ የሚለውን ተጫኑ።

ኮድ የሚደፍር ሰው ደግሞ ሪፐር ሲነሣ በራሱ የሚሮጥ ጽሑፍ ማስቀመጥ ይችላል። በሪፐር ማህደር ውስጥ «ስክሪፕትስ» ወደሚለው ገብቶ በሁለት የታች ሰረዝ የሚጀምር፣ «ስታርትአፕ» የሚል ስም ያለው የሉዋ ፋይል መፍጠር ነው። ለአብዛኞቻችን መነሻው ገጽ ይበቃል።

እምቢ ሲል

አንዳንዴ ፕሮጀክቱ ገና ሲከፈት ሪፐር ድርግም ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ፕለጊን ነው። ፋይል መክፈቻው መስኮት ላይ ከታች፣ ፕለጊኖችን አጥፍቶ ክፈት የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ፤ «ሪከቨሪ ሞድ» ይለዋል። በእርሱ ክፈቱና ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ እያበራችሁ ጥፋተኛውን ያዙ። ሪፐር በመጨረሻው ፕሮጀክት ላይ እየወደቀ ጨርሶ አልነሣ ካለ ደግሞ የዊንዶውስ ጀማሪ ሜኑ ውስጥ፣ በሪፐር ስም ሥር፣ በአዲስ ፕሮጀክት የሚከፍተው አቋራጭ አለ። እዚያው ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ሁኔታ የሚመልስም ታገኛላችሁ፤ ወደ እርሱ የምትሄዱት ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው፣ ቅድም በፋይል ያስቀመጣችሁት ምርጫም የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ከቤት ውጪ

ወደ መዘምራን ልምምድ ወይም ወደ ወዳጅ ቤት ሄደው የሚቀርጹ ሰዎች ሪፐርን ፍላሽ ዲስክ ላይ ይጫኑት። መጫኛው ገና ሲጀምር «ፖርታብል ኢንስቶል» የሚል ምርጫ ይሰጣል። እንዲህ ሲጫን ምርጫዎቹ ሁሉ ከፕሮግራሙ ጋር በዚያው ማህደር ስለሚኖሩ በሰው ኮምፒውተር ላይም መነሻ ገጻችሁ ይከተላችኋል። የሚለወጠው የድምፅ ካርዱ ብቻ ነው፤ እርሱን እዚያው እንደደረሳችሁ ምረጡ። ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ የጫናችኋቸው ፕለጊኖች አብረው እንደማይሄዱ ግን አትርሱ፤ ለዚህ ነው መነሻው ገጽ ላይ ከሪፐር ጋር የሚመጡትን ብቻ ያስቀመጥኩት።

ፈተናው

ሁሉን ዝጉ። ካርዱን ስኩ፣ የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ አስነሡ፣ ሪፐርን ክፈቱ። ስም ሲጠይቃችሁ ስጡት፣ ኮንትሮልና አርን ተጫኑ፣ የቅድሚያ ቆጠራውን ጠብቁና አንድ ቃል ተናገሩ። በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ይህ ሁሉ 20 ሰከንድ አካባቢ ይወስዳል። ከደቂቃ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ገጽ ላይ ከባድ ፕለጊን ተረስቷል። የትናንቱ ሥራ ከመጣ ሁለተኛውን በር፣ ጥሬው ባዶ ከመጣ የመጀመሪያውን በር ወይም ያንን አሳሳች አራተኛ ምርጫ ተመልከቱ። ገጹ መጥቶ ድምፅ ከሌለ ትራኩ የሚያዳምጠው የትኛውን ቀዳዳ እንደሆነ እዩ።

ሁሉም ከተሳካ ወደ «ጀነራል» ተመልሳችሁ ምርጫችሁን እንደገና በፋይል አስቀምጡ፣ በዛሬው ቀን ሰይሙት፣ አንድ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ውጪ ይኑራችሁ።